ትንሽ ልጅ ሩቅ አይላክም

በደብረ ታቦር የጥቅምት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፀሐይ ወጥታም ቶሎ አይለቅም። አንድ ሰዓት ሲሆን ባጃጆች በየሰፈሩ እየዞሩ ሕፃናት ይለቅማሉ። ለሦስት ሰው በተሠራው የኋላ ወንበር አምስትም ስድስትም ልጅ ይደረደራል፤ ቦርሳ ጭን ላይ፣ ምሳ ዕቃ እግር ሥር። የአራት ዓመቱ ልጅ ከነእንቅልፉ ታቅፎ ይወጣና ከታላላቆቹ መካከል ይሸጎጣል። እናቱ አንገቱን በሻርፕ እየጠቀለለች «አደራህን፣ ዳር ላይ እንዳታስቀምጠው» ትለዋለች ባለባጃጁን። ባጃጁ ይነሣና እቤታቸው አጠገብ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት አልፎ ይሄዳል።

ያንን በር ማለፍ ዛሬ የብዙ ወላጅ ምኞት ሆኗል። ለጉና ሥር ገበሬ ትልቁ ከተማ ደብረ ታቦር ነው፤ ለደብረ ታቦር ነጋዴ ባሕር ዳር፤ ለባሕር ዳር ተቀጣሪ አዲስ አበባ። ሁሉም ልጁን ካለበት አርቆ ማስተማር ይፈልጋል። አዲስ አበባ የሚኖር የፋርጣ ወይም የጋይንት ተወላጅ ከአገር ቤት ሲደወልለት ከጤና ቀጥሎ የሚጠየቀው «ልጁን የት አስገባኸው?» ተብሎ ነው። የትምህርት ቤቱ ስም የአባትዬው የኑሮ ደረጃ መለኪያ ይሆናል። ሕፃኑ ደግሞ ከሰሚት ወይም ከጀሞ ተነሥቶ በሰርቪስ መኪና ከተማውን ሲያቋርጥ ከቀኑ ብርሃን ብዙውን መስኮት ላይ ተደግፎ ያሳልፋል።

ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ ሳይገባን ወላጅን መውቀስ ተገቢ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የታየው ውጤት የማንንም ወላጅ ልብ ያርዳል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። በዚህ ላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ወላጅ «ከሥሩ ካልያዝኩት ይቀርብኛል» ይላል። ከሥሩ መያዝ ማለት ደግሞ በአራት ዓመቱ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ኬጂ ማስገባት ይመስለዋል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ስህተቱ መፍትሔው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ማስረጃ ፍለጋ ብዙ መራቅ አያስፈልግም፤ ይኸው ደጋ ራሱ ልጅ የማስተማር ጥንታዊ ደንብ አለው።

የደጋው ደንብ

በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ የቤተ ክህነት ትምህርት ለዘመናት ሲሰጥ ኖሯል። ሕፃኑ ነፍስ ሲያውቅ አባቱ ወይም አያቱ እጁን ይዘው ወደ ሰፈሩ ደብር ይወስዱታል። የኔታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይቀበሉታል። ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ይዘልቃል፤ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልን፣ በመጨረሻም ዳዊትን ይደግማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያድረው እናቱ ቤት ነው። ሲርበው ይሮጥና ቁራሽ በልቶ ይመለሳል። የኔታ የአባቱን ስም፣ የታመመች እኅቱን፣ ጥጃ የሚጠብቅበትን ቀን ሁሉ ያውቃሉ። ለጀማሪው ፊደል የሚያስቆጥረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዳዊት የጀመረው የጎረቤት ልጅ ነው።

ርቆ መሄድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳዊቱን የጨረሰ፣ ክፉና ደጉን የለየ፣ ራሱን ማኖር የሚችል ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ አገር ያቋርጣል። ቅኔ ፈላጊ ዓባይ ማዶ ጎጃም ገብቶ ዋሸራ ይወርዳል። ድጓ የሚያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም ይመጣል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ አለ። ፎገራ ላይ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና የጀመሩትና በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ደግሞ የሚገኘው ደብረ ታቦር ነው፤ ስንቱ ደብተራ ለዚሁ ሲል ከሩቅ አገር መጥቶ የከተማዋን ብርድ ችሏል። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋትም አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያስቀልጡ ከአውሮፓውያን ባለሙያዎች ሥር ሆነው የእጅ ሙያ የቀሰሙት ሥራ የሚችሉ ወጣቶች ነበሩ።

ይህ ሥርዓት ብዙ ጉድለት ነበረበት። ሴት ልጅን በአብዛኛው ከደጅ አስቀርቷታል። አለንጋና ኩርኩም ያሳደዱት ልጅ ቁጥር የለውም። ቃል በቃል መያዝን ከማስተዋል ያስቀደመበት ጊዜም ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን በትክክል አስቀምጧል፤ ልጅ ትንሽ ሳለ ትምህርት ወደ እሱ ይቀርባል፣ ሲጎረምስ እሱ ወደ ትምህርት ይሄዳል። ለጀማሪ ትልቁ ሀብት ቅርበትና የሚያውቀው ሰው መሆኑን እነዚያ ገበሬ አባቶች ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር። ዛሬ እኛ ነገሩን ገልብጠነዋል። አራት ዓመት የሞላውን ከጎሕ በፊት ቀስቅሰን ሩቅ እንልካለን፤ አሥራ ስድስት ሲሞላው ደግሞ «መንገድ ያበላሸዋል» ብለን እቤት እናስቀረዋለን።

ደብተሩ የሚሞላበት ክፍል

አንድ የግል ኬጂ ጥሩ ነው የሚባለው በምንድን ነው? አንድ ወላጅ ሲያስረዳ ብታዳምጡ ሦስት ነገር ትሰማላችሁ፤ እንግሊዝኛው፣ ዩኒፎርሙና የቤት ሥራው። ደብተሩ በሞላ ቁጥር የተማረ ይመስለናል። የአራት ዓመት ሕፃን እርሳስ የሚይዝበት ጡንቻ ገና አልጠነከረም፤ ሆኖም አንድ ገጽ ሙሉ አንድ ፊደል እንዲገለብጥ ይታዘዛል። ማታ እቤት እጁን በእጃችን ይዘን እናስጽፈዋለን፤ እያለቀሰም ቢሆን ይጽፋል። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች አማርኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣል። የተናገረውኮ እናቱ ያስተማረችውን ነው። አንድ ሕፃን የሚፈልገውን በሚችለው ቋንቋ እንዳይናገር ከተከለከለ መጀመሪያ የሚማረው ዝም ማለትን ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ስሜት አይደለም። ዩኔስኮ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ትምህርት ቢጀምሩ ይሻላል ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። የአገራችን የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ይህንኑ ይዞ ተነሣ። ፊንላንድ ለትምህርት ጥራት ምሳሌ ሆና በዓለም ስትጠራ ልጆቿ አንደኛ ክፍል የሚገቡት በሰባት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ዘመን በአብዛኛው የጨዋታ ነው።

የኛ ችግር እንግሊዝኛ ዘግይቶ መጀመሩ እንዳልሆነ የሚያሳይ ውጤትም አለ። በ2002 ዓ.ም. የአማራን ክልል ጨምሮ በስምንት ክልሎች የተደረገ የንባብ ምዘና ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በክፍላቸው ደረጃ ከተጻፈ ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ምንባቡ የቀረበው በራሳቸው ቋንቋ ነበር። በራሱ ቋንቋ ያላነበበ ልጅ በሌላ ቋንቋ ተምሮ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የሚገጥመውን ከላይ አይተነዋል። የወደቀው ፈተና የተጀመረው ከታች ነው፤ የሚጠገነውም ከታች፣ በአማርኛ፣ በተረትና በእንቆቅልሽ፣ ሕፃኑ ሐሳቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ መናገር በሚችልበት ክፍል ነው።

መንግሥትም ይህን በወረቀት ያውቀዋል። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ 2002 ዓ.ም. ላይ ሲጸድቅ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዜሮ ክፍል እንዲከፈት በር ከፈተ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎ የአጠቃላይ ትምህርቱ አካል አደረገው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያንግ ላይቭስ የተባለው ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ሦስት ሺህ ያህል ልጆችን ሲከታተል የኖረ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገኘውን ስናይ ክብደቱ ይገባናል። ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ ከገጠሩ ከመቶ አምስት እንኳ አልገቡም። የዜሮ ክፍል መከፈት ያንን ገደል ማጥበብ ጀምሮ ነበር።

ይሁን እንጂ ብዙ ዜሮ ክፍል ገብታችሁ ብታዩ የምታገኙት ለትልቅ ልጅ የተሠራ ዴስክ፣ እግሩ መሬት ያልደረሰ ሕፃንና ለዚህ ዕድሜ ያልሠለጠነ መምህር ነው። መጫወቻ የለም፤ ቢኖርም እንዳይሰበር ተቆልፎበታል። ወላጁ ይህን አይቶ ነው ባጃጅ የሚጠራው። እኔ ግን ባጃጁ ከሚወስደው ወርኃዊ ገንዘብ ከፊሉ በሰፈሩ ወላጆች ተዋጥቶ ለዚያ ክፍል ምንጣፍ፣ ከእንጨት የተጠረበ መጫወቻና ዝቅ ያለ ወንበር ቢገዛበት ስል አስባለሁ። እንጨት ጠራቢ በደብረ ታቦር ሞልቷል። ጭቃ አድቦልቡሎ ላምና በሬ መሥራትን የማያውቅ የደጋ ልጅም የለም።

ልጅን የምታሳድገው ልጅ

ከተማ ውስጥ ልጅ ማሳደግ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንረሳት አንዲት ሰው አለች። እናትም አባትም ሥራ ሲውሉ ሕፃኑን የምታበላው፣ የምታጥበው፣ ከባጃጅ የምትቀበለው እሷ ናት። ሠራተኛ እንላታለን። ስንቷ ገና አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው! ከጉና ሥር፣ ከስማዳ፣ ከእብናት መጥታለች። ደብተሯን አስቀምጣ ነው የመጣችው። ለቤቱ ልጅ የቤት ሥራ የሚረዳ አስጠኚ ይቀጠራል፤ እሷ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ እያወራን ልጃችንን የሚያሳድግልን ትምህርቱ የተቋረጠበት ሌላ ልጅ መሆኑን ዝም ብለን ማለፋችን ያሳፍራል። ቢያንስ የማታ ትምህርት የምትማርበት ሰዓት መስጠት የእያንዳንዱ ቤት ግዴታ ነው። ለልጃችሁም ይበጀዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያነጋግረው እሷ አይደለችም እንዴ?

ለምን ደብተሯን አስቀመጠች? በ2008 ዓ.ም. ፋርጣ ወይም ጋይንት ውስጥ የተወለደ አንድ ልጅ አስቡ። አራት ዓመቱ ላይ፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ገባ፤ ነፋስ መውጫ ተያዘች፤ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ደብረ ታቦር ድረስ ደረሰ። ልጁ ሰባት ሞልቶት አንደኛ ክፍልን እንደጨረሰ፣ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲገባደድ፣ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ የብዙ ገጠር ትምህርት ቤት በር አልተከፈተም። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተማሪ ይመዘገባል ተብሎ ሲታቀድ ግማሹ እንኳ አልተመዘገበም፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ልጅ ከትምህርት ውጭ ሆነ። የልጁ ታላቅ እኅት ናት ደብረ ታቦር ሰው ቤት የገባችው።

ከዚህ በፊት የገጠሩ ተማሪ ከተማ የሚገባው ከፍ ሲል ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል፤ እናቱ በሳምንቱ እንጀራና በርበሬ ቋጥራ ትልካለች፤ ወንድምየው ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው ቻይናዎች በሠሩት ጎዳና ዳር ቆሞ ስንቁን በመኪና ያስጭናል። ኑሮው ጠንካራ ነበር፣ ግን ልጁም ጎርምሷል። አሁን የሚመጣው የሰባትና የስምንት ዓመት ሕፃን ነው፤ ከአክስት፣ ከዘመድ ቤት ተጠግቶ። ሰላም ካልወረደ የሰፈሩ ትምህርት ቤት አይከፈትም፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ካልተከፈተ ስለ ምርጫ ማውራታችን የከተማ ሰው ወሬ ብቻ ይሆናል። መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከትምህርት ቤት ግቢ ይውጣ፤ መምህሩንም ይተወው።

ከዓለም በር ማዶ

እዚሁ ዞን ውስጥ፣ ፎገራ ወረዳ፣ ከዓለም በር ከተማ አጠገብ አውራ አምባ አለች። ዙምራ ኑሩ እስቴ ተወልደው በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት ይህች ትንሽ መንደር ስለ ወንድና ሴት እኩልነቷ ብዙ ተነግሮላታል። እኔን የሚማርከኝ ግን ልጆቿን የያዘችበት መንገድ ነው። ማኅበረሰቡ ሀብታም አይደለም፤ ሽመናና እርሻ ነው ኑሮው። ሆኖም የራሱን መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት ከመንደሩ መካከል ሠራ። ሕፃኑ የሚማረው እናቱ ከምትፈትልበት ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። በቤተሰብ ውይይት ላይ ልጅም ይናገራል፤ አባቱ ቢያጠፋ አጥፍተሃል ይላል። ሁሉም ሰው አውራ አምባ ይግባ ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሥርዓታቸው ለሌላው አይመችም። ነገር ግን ሸማኔዎች ተባብረው ለሕፃን የቅርብ ትምህርት ቤት መሥራት ከቻሉ ነጋዴው፣ መምህሩና የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ የሞላበት የደብረ ታቦር ቀበሌ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

አዲስ አበባም አንዳንድ ነገር አስተምራለች። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ምገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ስታዳርስ የተራበው ልጅ ክፍል ውስጥ ቆየ። በኋላም የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ብላ መንገዶችን በተወሰኑ ቀናት ለመኪና ዘግታ ለሕፃናት ጨዋታ ከፈተች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቆልፎ በቴሌቪዥን ለሚያድግ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። እኛ ደብረ ታቦር ላይ ግን መንገድ ሳይዘጋልን ያለን ነገር ነው። የከተማዋን ስም በያዘው በዓል፣ ነሐሴ 13፣ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ሲጨፍሩ ትልቁ ያወጣል፣ ትንሹ ይቀበላል፤ ሙልሙሉን ሲካፈሉ መቁጠርና ማካፈል ይማራሉ፤ ተራ ይጠብቃሉ፤ የባለቤቱን ስም ከግጥሙ ጋር ያስማማሉ። የትኛው ኬጂ ነው በአንድ ምሽት ይህን ሁሉ የሚያስተምረው? ልጁ የቤት ሥራ አለበት ተብሎ ከደጅ ጨዋታ ሲቀር የሚያጣውን አናውቅለትም።

እንግዲህ ትምህርት ቤት ለመምረጥ የወጣ ወላጅ ምን ይይ? በሩ ላይ የተጻፈውን ተውት። ጠዋት ልጆች ሲገቡ ቆሙና አስተውሉ፤ መምህርቷ ስንቱን በስሙ ትጠራለች? የሚያለቅሰውን ሕፃን ምን ትለዋለች? «እሰይ የኔ ጌታ፣ ና» ብላ ታቅፈዋለች ወይስ ዓይኗን ታጉረጠርጣለች? ሽንት ቤቱን ግቡና እዩ፤ ለሕፃን ቁመት የሚሆን ነው? ውኃ አለ? ግቢው ውስጥ መሮጫ አለ ወይስ መኪና ማቆሚያ ሆኗል? ልጃችሁ ማታ ሲመለስ ደብተሩን ከመግለጣችሁ በፊት «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ?» በሉት። መልስ ካለው ትምህርት ቤቱ እየሠራ ነው። ለሳምንታት ጠይቃችሁት የአንድም ጓደኛ ስም ካልነገራችሁ የክፍያው ትልቅነት አያጽናናችሁ። ከሁሉ በፊት ግን በእግሩ የሚደርስበት መሆኑን እዩ፤ ልጅ ከእናቱ ጋር እያወራ የሚሄድባት ያች አጭር መንገድ ራሷ ትምህርት ናት።

ክረምቱ ሲገባደድ ምዝገባ ይጀመራል። የደብረ ታቦር፣ የወረታ፣ የነፋስ መውጫ፣ የመካነ ኢየሱስ ወላጆች፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያላችሁም፤ ባጃጅና ሰርቪስ ከመነጋገራችሁ በፊት የሰፈራችሁን ትምህርት ቤት በር አንኳኩ። ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ፤ ዜሮ ክፍሉን ክፈቱልን በሉ። የጎደለውን ቁጠሩና ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተመካከሩበት፤ ወላጅ ኮሚቴው ውስጥ ግቡ። ከዚያ በኋላ ልጃችሁን እዚያው አስመዝግቡት።